በአንድ ራስ ሁለት ምላስ

የሰው ጠባይ የሚታወቀው ከልጆቹ ጋር ተቀምጦ ሲጫወት አይደለም፤ በሩን እንግዳ ሲያንኳኳ ነው። ባል ከመደቡ ብድግ ብሎ «ይግቡ፤ ቤት ለእንግዳ» ሲል፣ ሚስት በጓዳ ሆና የቀረውን ዱቄት በዓይኗ ትሰፍራለች። እንግዳው ከሄደ በኋላ ጠብ ይነሣል። ጎረቤት ቢሰማ ጠቡ ስለ እንግዳው ይመስለዋል። ነገሩን ከሥሩ ለመረመረ ሰው ግን እንግዳው ምንም አላጠፋም፤ ባልና ሚስቱ ስለ ጎተራቸው አንድ ቀን እንኳ ሳይነጋገሩ ኖረው፣ ዝምታቸው ስምምነት መስሏቸው ነበር። እንግዳው ያደረገው ነገር ቢኖር በጎተራው ውስጥ ስንት ቁና እህል እንደ ቀረ እንዲያዩ ማድረጉ ብቻ ነው።

የፖለቲካ ፓርቲም እንዲሁ ነው። አባሎቹ ስለ መንገድ፣ ስለ ትምህርት ቤትና ስለ ልማት ሲነጋገሩ አንድ ልብ መስለው ይታያሉ። «ከሌላ ስፍራ የመጣው ሰው ከእኛ ጋር ይኑር ወይስ አይኑር? ይምረጥ ወይስ አይምረጥ? ከብቱን እዚህ ያሰማራ ወይስ አያሰማራ?» የሚል ጥያቄ የተነሣ ዕለት ግን በአንድ ስም የሚጠሩት ሰዎች በሁለት ወገን ይቆማሉ። በዚህ ጽሑፍ ልተቸው ያሰብኹት ይህንኑ ነው። እናንተ ወጣቶች ዛሬ ባይሆን ነገ ከአንዱ ፓርቲ መግባታችሁ ወይም ለአንዱ ድምፅ መስጠታችሁ አይቀርምና፣ ነገሩን ከገዛ አገራችን ምሳሌ ወስጄ ባስረዳ ይሻላል ብዬ የአዋሽን ሸለቆ መርጫለሁ።

የአዋሽ ወንዝ ከአዲስ አበባ በስተምዕራብ፣ ከጊንጪ አካባቢ ካለው ደጋ ተነሥቶ 1,200 ኪሎ ሜትር ያህል ከተጓዘ በኋላ፣ ባሕር ሳይደርስ በጅቡቲ ወሰን አጠገብ በአቤ ሐይቅ ውስጥ ይቀራል። ወንዙ ራሱ ለአፋር ቆላ መጤ ነው ብንል ሐሰት አይሆንብንም፤ ውኃው የደጋ ዝናም ነውና። የአዋሽ ከተማም የመጤ ሥራ ናት። በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ የገባው የምድር ባቡር ወንዙን ለመሻገር እዚያ በደረሰ ጊዜ ጣቢያ ተሠራ፤ በጣቢያው ዙሪያም የሐዲድ ሠራተኛው፣ ነጋዴው፣ ምግብና ሻይ ሻጩ ተሰበሰበ። እስከ ዛሬም ሰው «አዋሽ ሰባት ኪሎ» እያለ ይጠራታል።

ወደ ታች ስንወርድ ሰመራን እናገኛለን። ሰመራ ከሎግያ አጠገብ በሜዳ ላይ የተቆረቆረች አዲስ ከተማ ናት። የአፋር ክልል መቀመጫ ከአሳይታ ወደ እርሷ ከተዛወረ፣ በ2000 ዓ.ም. ደግሞ ዩኒቨርሲቲ ከተከፈተባት ወዲህ፣ ከአገሩ ማዕዘን ሁሉ መምህሩና ተማሪው፣ ሐኪሙና ግንበኛው ይመጣባታል። የጅቡቲ መንገድ በዚያው ያልፋል። በዚሁ መንገድ ዳር፣ የከባድ መኪናው አቧራ እየሸፈናቸው፣ ወደ ጅቡቲ፣ ከዚያም ባሕር ተሻግረው ወደ የመንና ወደ ሳዑዲ ዐረቢያ ለመድረስ በእግራቸው የሚሄዱ ወጣቶች ይታያሉ። እንግዲህ በዚህ ሸለቆ አንዱ ይመጣል፣ አንዱ ይሄዳል፣ አንዱ ያልፋል። የመጤ ነገር ሊመረመር የሚገባው እንዲህ ባለ አገር ነው።

ታዲያ መጤ ማን ነው? ከኤርትራ የሸሹ አፋሮች በአሳይታና በበርሃሌ ካምፖች ተጠልለው ኖረዋል። በ2014 ዓ.ም. ጦርነት በርሃሌ በደረሰ ጊዜም ዳግመኛ ለመሰደድ ተገደዋል። እነዚህ ሰዎች በሕግ ረገድ የውጭ አገር ዜጎች ናቸው፤ ነገር ግን ቋንቋቸውና ጎሣቸው ከባለአገሩ ጋር አንድ ስለ ሆነ የሚታዩት እንደ ዘመድ ነው። በሌላ ወገን ደግሞ ኢሳ የተባለው የሶማሌ ጎሣ ሰው፣ ኢትዮጵያዊ ዜጋ ሆኖ ሳለ፣ በዚሁ ሸለቆ ውስጥ «መጤ» ይባላል። እርሱ በበኩሉ «አባቶቼ ከብታቸውን ያሰማሩበት ምድር ነው፤ በምን ሕግ መጤ እባላለሁ?» ይላል። ሁለቱም ሕዝቦች ከወሰን ወዲህና ወዲያ የሚኖሩ፣ ሁለቱም ሙስሊሞች፣ ሁለቱም ከብትና ግመል አርቢዎች ናቸው። ፈረንሳዮች ዛሬ ጅቡቲ የምትባለውን አገር እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ከ1967 እስከ 1977 «የአፋሮችና የኢሳዎች ግዛት» ብለው ይጠሯት ነበር። ከዚህ የምንማረው፣ መጤ የሚለው ቃል ከፓስፖርት ላይ ተነቦ የሚገኝ አለመሆኑን ነው። ቃሉን የሚሰጠው ተናጋሪው ነው፤ ተናጋሪውም የሚሰጠው ለሚፈራው ሰው ነው።

ይህን በማለቴ የባለአገሩን ሥጋት እንደ ክፋት የምቈጥር እንዳይመስላችሁ። ሥጋቱ ሥር አለው። ለአፋር ከብት አርቢ የአዋሽ ዳር ማለት የበጋ ግጦሽ ማለት ነው። ዝናም ሲዘንብ መንጋው ወደ ሜዳው ይበተናል፤ በጋ ሲሆን ግን ከወንዙ ዳር በቀር የሚመለስበት ስፍራ የለውም። በ1952 ዓ.ም. የቆቃ ግድብ ተሠራ፤ በ1954 ዓ.ም. የአዋሽ ሸለቆ ባለሥልጣን ተቋቋመ፤ በተንዳሆና በአሚባራ ሰፋፊ የጥጥ እርሻዎች ተዘረጉ፤ በአዋሽ ከተማ አጠገብም የእንስሳት ፓርክ ተከለለ። ጥጡን ለመልቀም ሠራተኛ ከደጋ ወረደ። አገር ከጥጡ ተጠቅሟል፤ ይህን መካድ አይገባም። ነገር ግን ከወንዙ ዳር የተገፋው ከብት አርቢ ወዴት ይሂድ? ወደ ጎረቤቱ ሣር ሄደ። ጎረቤቱም በድርቅ ተገፍቶ ወደ ወንዙ ሲመጣ መንገድ ላይ ተገናኙ። ሁለት የተገፉ ሰዎች በአንድ ውኃ ላይ ሲገናኙ፣ ገፊያቸው ከፊታቸው ስለሌለ አንዱ ሌላውን ይከሳል።

አንድ ነገር ልጨምር። በዚህ ሸለቆ ፕሮሶፒስ የሚባል እሾኻም ዛፍ አለ። ዘሩ ከአሜሪካ ምድር የመጣ ነው፤ በደርግ ዘመን አሸዋና ንፋስ እንዲያግድ ተብሎ ተተከለ። ከብቱ ፍሬውን በልቶ ዘሩን በየደረሰበት ጣለው፤ ዛፉም የግጦሹን ምድር እየዋጠ ተስፋፋ። አፋሮች «ደርጊ ሃራ»፣ የደርግ ዛፍ ይሉታል፤ ሌላው ሰው ደግሞ «ወያኔ» ይለዋል። ከርሱ የባሰ የሣር ቀማኛ ከቶ ከየት ይመጣል? ነገር ግን ዛፉ አይመርጥም፤ ባንዲራም የለውም። ስለዚህ ስለ እርሱ የተከፋፈለ ፓርቲ አልሰማሁም። ሰው ስለ ሣር ተጣልቶ ሳለ ክርክሩ ስለ ሰው ሲሆን፣ የዚያን ጊዜ ነገሩ መንገድ እንደ ሳተ እወቁ።

አሁን ወደ ፓርቲው ጉዳይ እንምጣ። በኢሕአዴግ ዘመን አገሪቱን የሚመራው ግንባር የአራት ድርጅቶች ማኅበር ነበር። የአፋርና የሶማሌ ክልሎች ገዢ ድርጅቶች ግን ከሌሎች ሦስት ጋር «አጋር» ተብለው ከደጅ የተቀመጡ ነበሩ፤ በግንባሩ ከፍተኛ ጉባኤ የውሳኔ ድምፅ አልነበራቸውም። በኅዳር 2012 ዓ.ም. ግንባሩ ፈርሶ ብልጽግና የሚባል አንድ ፓርቲ ሲቋቋም፣ ሕወሓት አልገባም ብሎ ቀረ፤ አምስቱ አጋሮች ግን ሙሉ አባል ሆነው ገቡ። ከደጅ የቆመውን ወደ ቤት ማስገባት በጎ ሥራ ነው፤ ይህን የሚነቅፍ ሰው ያለ አይመስለኝም። ነገር ግን አባቶቻችን «ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» ብለዋል። አፋሩና ሶማሌው በአንድ ቤት ውስጥ ሲቀመጡ፣ ከቤቱ ደጃፍ ላይ የቆየው ክርክር አብሯቸው ገባ።

ክርክሩ ይኸ ነው። ከአዋሽ ወደ ሚሌ በሚወስደው ዋና መንገድ ላይ ገዳማይቱ፣ ኡንዱፎና አዳይቱ የሚባሉ ሦስት ቀበሌዎች አሉ። ቀበሌዎቹ በአፋር ክልል ውስጥ ናቸው፤ ብዙው ነዋሪያቸው ግን ኢሳ ነው። ገዳማይቱን ሶማሌው ገርባ ኢሳ ይላታል፤ አንዲት ከተማ ሁለት ስም አላት ማለት ነው። በ2007 ዓ.ም. የሁለቱ ክልሎች መሪዎች ቀበሌዎቹ በአፋር ሥር ሆነው ለነዋሪዎቹ ልዩ አስተዳደር እንዲሰጥ ተስማሙ። በ2011 ዓ.ም. የሶማሌ ክልል ከስምምነቱ መውጣቱን አስታወቀ። በ2013 ዓ.ም. ምርጫ ሲቃረብ በክርክር ላይ ባሉት ቀበሌዎች የምርጫ ጣቢያ ይቋቋም ወይስ አይቋቋም፣ ቢቋቋምስ በማን ስም ይሁን የሚል አዲስ ሙግት ተነሣ። በዚያው ዓመት በመጋቢት መጨረሻ በተነሣው ግጭት 100 ያህል ሰው መሞቱን አንድ የአፋር ባለሥልጣን ለዜና ሰዎች ተናገረ፤ የሶማሌው ክልል ደግሞ የሞቱት የእኔ ሰዎች ናቸው ብሎ አፋርን ከሰሰ። በሐምሌ ግጭቱ እንደገና ተነሣ፤ በሶማሌ ክልል የተቈጡ ሰዎችም የጅቡቲን መንገድና የባቡሩን ሐዲድ ዘጉ።

ልብ አድርጉ፤ ከሳሹና ተከሳሹ የአንድ ፓርቲ ሰዎች ነበሩ። አንዱ በሰመራ፣ አንዱ በጅግጅጋ፣ አንዱ በአዲስ አበባ ተቀምጦ በአንድ አርማ ሥር ይናገራል። በአዲስ አበባ ሲሰበሰቡ ቃላቸው ስለ አንድነት ነው። ወደየክልላቸው ሲመለሱ ግን መግለጫው ይለወጣል። በመካከሉ የሚሞተው ስብሰባውም መግለጫውም ያልደረሰው እረኛ ነው።

ሕገ መንግሥቱ ይህን ነገር ጨርሶ አልረሳውም። አንቀጽ 32 ማንኛውም ኢትዮጵያዊ በፈለገው የአገሪቱ ስፍራ የመዘዋወርና የመኖር ነጻነት አለው ይላል። አንቀጽ 40 ደግሞ አርብቶ አደሩ ለግጦሽ መሬት በነጻ የማግኘትና ከመሬቱ ያለመፈናቀል መብት አለው ይላል። ሁለቱም መልካም ቃል ናቸው። አንዱ ለሚመጣው፣ አንዱ ለሚኖረው ይናገራል፤ በአንድ ወንዝ ዳር ሲገናኙ ግን ማን ለማን እንደሚያሳልፍ ሊወሰን ይገባል። አንቀጽ 48ም ክልሎች በወሰን ካልተስማሙ የፌዴሬሽን ምክር ቤት የሕዝቡን አሰፋፈርና ፍላጎት መሠረት አድርጎ ከሁለት ዓመት ባልበለጠ ጊዜ ውስጥ ይወስናል ይላል። እንግዲህ የጎደለው ሕግ አይደለም። የጎደለው ፓርቲው አባላቱን ሁሉ በአንድ ጉባኤ አስቀምጦ «ከሌላ ስፍራ የመጣ ሰው መብቱ እስከዚህ ነው፤ የነባሩም መብት እስከዚህ ነው፤ ይህንም በሰመራም በጅግጅጋም እንናገረዋለን» ብሎ የሚቈርጠው ቃል ነው። የእኔ ነቀፋ በአፋሩ ወይም በሶማሌው ላይ አይደለም፤ ይህን ቃል ሳይቈርጡ አንድ ሆነናል በማለት ላይ ነው።

ይህ ደዌ የእኛ ብቻ አለመሆኑን ደግሞ ማወቅ ይገባል። በጀርመን ሁለት እኅትማማች ፓርቲዎች አሉ፤ አንዱ በባቫሪያ ብቻ፣ ሌላው በቀረው አገር ሁሉ ይሠራል፤ በምክር ቤት ግን እንደ አንድ ሆነው ይቀመጣሉ። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2015 ከ800,000 በላይ ጥገኝነት ጠያቂዎች ወደ ጀርመን በገቡ ጊዜ፣ ለብዙ ዘመን አብረው የኖሩት እኅትማማቾች ተጣሉ። በ2018 ክረምት የባቫሪያው ፓርቲ መሪ፣ የአገር ውስጥ ሚኒስትሩ ሆርስት ዜሆፈር፣ በሌላ አገር የተመዘገቡትን ስደተኞች ከወሰን ካልመለስን ሥልጣኔን እለቃለሁ አለ፤ መራሒተ መንግሥት አንጌላ ሜርክል ደግሞ ከጎረቤቶቻችን ሳንመክር ብቻችንን አናደርገውም አለች። በመጨረሻ ተስማሙ፤ ነገር ግን ጠባቸውን አገር ሁሉ አይቶት ነበር። በዚያው ዓመት በጥቅምት በባቫሪያ ምርጫ ሲደረግ፣ ከአምስት ዓመት በፊት ከመቶ 47.7 አግኝቶ የነበረው ፓርቲ ወደ 37.2 ወረደ፤ ስደተኛን አጥብቆ የሚቃወም ሌላ ፓርቲም ለመጀመሪያ ጊዜ ወደዚያ ምክር ቤት ገባ። ፓርቲው እንደ ባላጋራው ጮኾ ለመናገር ሞከረ፤ ጩኸት የወደደው መራጭ ግን ወደ ዋናው ጯኺ ሄደ፤ ጩኸት የጠላውም ሌላ በር ፈለገ።

በዚህ ላይ አንድ መልስ ይሰጠኝ ይሆናል። «ፖለቲካ እንዲህ ነው፤ መሪ ለየሕዝቡ በሚገባው ቋንቋ መናገር አለበት» የሚሉ አሉ። እውነት ነው፤ ለአፋሩ በአፋርኛ፣ ለሶማሌው በሶማልኛ መናገር ይገባል። ነገር ግን ቋንቋውን መለወጥ ሌላ፣ ቃሉን መለወጥ ሌላ ነው። ተርጓሚ በመካከል ቢቆምና አንዱን ንግግር ለሌላው ሕዝብ ቢተረጉመው ተናጋሪው የሚያፍር ከሆነ፣ ያ ንግግር ከመጀመሪያውም የጠብ ዘር ነበር።

እኔም ከዚህ ነቀፋ ነጻ አይደለሁም። አንድ ጊዜ ከአዋሽ ወደ ሰመራ ስሄድ፣ ጧት በአዋሽ ቁርስ ቤት አንድ ሠላሳ ዓመት በከተማዋ የኖረ ነጋዴ ከጎኔ ተቀመጠ። «ልጆቼ እዚህ ተወለዱ፤ ዛሬም እንግዳ ነህ እባላለሁ» አለኝ። አንገቴን ነቀነቅኹ። ቀኑን ሙሉ ተጕዤ፣ እነዚያን ሦስት ቀበሌዎች በመስኮት እያየሁ አልፌ፣ ማታ ሰመራ ገባሁ። ያስተናገደኝ አፋር ሽማግሌ ወተት በእጁ እየሰጠኝ «የመጣው ሁሉ ወሰደ እንጂ ያመጣ የለም፤ ወንዛችንን እንኳ በሩቅ እናያለን» አለኝ። እንደገና አንገቴን ነቀነቅኹ። ሌሊት በሙቀቱ እንቅልፍ እንቢ ሲለኝ ነገሩን አሰብኹት። ሁለቱም የተናገሩት እውነታቸውን ነበር፤ ዋሾው እኔ ነበርኹ። ለነጋዴው «እርሳቸው የሚሉትን ደግሞ ሰምተህ ታውቃለህን?» ማለት እችል ነበር። ለሽማግሌውም «አባቴ፣ እዚያ የተወለዱት ልጆችስ ወዴት ይሂዱ?» ብዬ በአክብሮት ብጠይቃቸው ወተታቸውን አይነሡኝም ነበር። አንደበቴን የያዘው ጨዋነት ሳይሆን ይሉኝታ ነው። ጨዋነት ሰውን አክብሮ እውነቱን ይናገራል፤ ይሉኝታ ግን ለሰው ፊት ብሎ እውነቱን ይውጣል። የኔ መንገደኛ ይሉኝታ ጉዳቱ ጥቂት ነው፤ የገዢ ፓርቲ ይሉኝታ ግን በሚሊዮን ሕዝብ መካከል ይቆማል። በየደረሰበት አንገቱን የሚነቀንቅ ፓርቲ ሁለቱንም ወገን «እርሱ ከእኔ ጋር ነው» የሚል ተስፋ አስይዞ ያታግላቸዋል።

ስለዚህ ወጣቶች ሆይ፣ የአንድ ፓርቲ አባል የሆናችሁ እንደ ሆነ፣ ስለ መጤና ስለ ነባር ለመናገር ስትነሡ አስቀድማችሁ ራሳችሁን መርምሩ። ልትናገሩት ያሰባችሁትን ቃል ስለ እርሱ በምትናገሩለት ሰው ፊት፣ ልጆቹም እየሰሙ፣ ልትደግሙት ትችላላችሁን? ብትችሉ ቃሉ መራራ ቢሆንም እንኳ ተናገሩት፤ ከዚያ ቃል ጋር መከራከር ይቻላልና። ባትችሉ ግን ዝም በሉና ነገሩን እንደገና አስቡ። ደግሞም «ሰዎቹ ከየት መጡ?» ከሚለው ጥያቄ በፊት «ውኃው የት ሄደ? ሣሩን ማን ወሰደው?» ብላችሁ ጠይቁ። ይህን የሚጠይቅ አባል በፓርቲው ውስጥ መጀመሪያ ላይወደድ ይችላል፤ ጉባኤውን ያስረዝማል፣ ጭብጨባውን ያዘገያል። ነገር ግን ሳይጠየቅ የታለፈው ጥያቄ ከጉባኤው አዳራሽ ወጥቶ በገዳማይቱ ወይም በአዳይቱ መንገድ ዳር ይጠብቃል፤ እዚያም የሚጠየቀው ጠመንጃ በያዘ ሰው ነው።

ባልና ሚስቱን በመጀመሪያ አንሥቻቸዋለሁና በእነርሱ ልጨርስ። እንግዳው ሳይመጣ አንድ ምሽት ተቀምጠው «ይህን ያህል አለን፤ ይህን ያህል ለራሳችን፣ ይህን ያህል ለሚመጣው» ቢባባሉ ኖሮ፣ ባል በደጅ «ይግቡ» ሲል ሚስትም በጓዳ «ይግቡ» ትል ነበር። እንግዳውም የበላው ጥቂት ቢሆን እንኳ ጠግቦ፣ ጠብ ሳያስነሣ በሄደ ነበር።